ከደጅ እስከ መቅደስ፦ የደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶችና አፈ ታሪኮቻቸው

በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የፓላቫው ንጉሥ ቀዳማዊ ማሄንድራቫርማን ዛሬ ታሚል ናዱ በሚባለው ግዛት፣ ማንዳጋፓቱ በተባለ ቦታ፣ አንድ ቋጥኝ አስፈልፍሎ ቤተ መቅደስ አሠራ። በግንቡ ላይ ባስቀረጸው የሳንስክሪት ጽሑፍም ያለ ጡብ፣ ያለ እንጨት፣ ያለ ብረትና ያለ ኖራ ለሂንዱ አማልክት ለብራህማ፣ ለሺቫና ለቪሽኑ ማደሪያ እንደ ሠራላቸው አስታወቀ። ከዚያ በፊት በአካባቢው መቅደስ የሚሠራው በአብዛኛው ከጡብና ከእንጨት ስለ ነበር ዝናብና ምስጥ ጨርሶታል። የማሄንድራቫርማን ቋጥኝ ግን እስከ ዛሬ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁ ናራሲምሃቫርማን በትግል ችሎታው «ማማላ» የሚል ቅጽል ስም ነበረው። ከቼናይ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ያለችው ማማላፑራም ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። በእርሱ ዘመን እንደ ተሠሩ የሚታመኑት «አምስቱ ሠረገላዎች» እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ድንጋይ፣ ከጫፍ ወደ ታች እየተጠረቡ የወጡ ናቸው። ከእነሱ ብዙም ሳይርቅ ሠላሳ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቋጥኝ በአማልክት፣ በዝሆኖችና በመናንያን ምስል ተሞልቷል። መሐሉን የሚሰነጥቀው የተፈጥሮ ንቃቃት የጋንጅስ ወንዝ መውረጃ ተደርጓል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ባጊራታ የተባለ ንጉሥ የሞቱትን የአያቶቹን አመድ የሚያነጻ ውኃ ፍለጋ ዘመናት ጾመ፤ የሰማይዋ ወንዝ ጋንጋ ለመውረድ ፈቀደች፤ ነገር ግን ብትወርድ ምድርን ትሰብር ስለ ነበር ሺቫ በጠጉሩ ተቀብሎ በቀስታ አፈሰሳት። ጠራቢዎቹ ከዝሆኖቹ እግር አጠገብ በሁለት እግሯ ቆማ እጆቿን ወደ ሰማይ የዘረጋች ድመት ቀርጸዋል። የሱባኤ አስመሳይዋ ድመት ዙሪያዋን በአይጦች ተከባለች።

በ700 ገደማ ከማማላ ዘር የሆነው ራጃሲምሃ በመናገሻ ከተማው በካንቺፑራም የካይላሳናታን ቤተ መቅደስ አሠራ። ስለዚሁ ሕንጻ የሚነገረው ታሪክ ግን የሚያወድሰው ንጉሡን አይደለም። በቲሩኒንራቩር መንደር ፑሳላር የሚባል ድሃ ምዕመን ነበር። ለሺቫ ቤት ሊሠራ ፈልጎ ገንዘብ ቢለምን የሚሰጠው አጣ። ስለዚህ በሐሳቡ መሥራት ጀመረ። ድንጋዩን በልቡ አስጠረበ፤ መሠረቱን በልቡ ጣለ፤ ጉልላቱን በልቡ ሰቀለ፤ ጉድጓዱን ቆፈረ፤ በመጨረሻም የምረቃውን ቀን ቆረጠ። ንጉሡም ሳያውቅ ያንኑ ቀን መርጦ ነበር። በዋዜማው ሌሊት ሺቫ ለንጉሡ በሕልም ተገልጦ፣ በማግሥቱ ወደ ፑሳላር ቤተ መቅደስ ስለሚገባ ምረቃውን ወደ ሌላ ቀን እንዲያሸጋግር ነገረው። ንጉሡ ያን ታላቅ ሕንጻ ለማየት ጓጉቶ ወደ መንደሩ ሲሄድ ያገኘው ባዶ መሬትና አንድ የደነገጠ ድሃ ነው። በቲሩኒንራቩር ዛሬ የሚታየው መቅደስ «የልብ ጌታ» ተብሎ ይጠራል።

ነገሥታቱ ድንጋይ በሚያስጠርቡባቸው በእነዚያ መቶ ዓመታት ባለቅኔዎች ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ሳንስክሪትን ትተው ሕዝቡ በሚናገረው በታሚል ቋንቋ ይዘምሩ ነበር። የሺቫ ወገን የሆኑት ቅዱሳን 63፣ የቪሽኑ ወገን የሆኑት 12 ተብለው ይቆጠራሉ። ከእነሱ መካከል ካህናትና ነገሥታት አሉ፤ ሸክላ ሠሪ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ አጣቢ፣ ሸማኔና አዳኝም አሉ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቲሩፓን የዘማሪዎች ወገን ነበር። ወገኑ በካቬሪ ወንዝ መካከል ወዳለችው ወደ ስሪራንጋም ደሴት ስለማይገባ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ይዘምር ነበር። አንድ ቀን ውኃ ሊቀዳ የመጣ ካህን መንገድ ልቀቅ ቢለው በዝማሬው ተመስጦ አልሰማውም። ካህኑ ድንጋይ ወርውሮ ግንባሩን አደማው። ወደ መቅደሱ ሲመለስ የአምላኩ ምስል ግንባሩ ደምቶ አገኘው፤ ያደማውን ሰው በትከሻው ተሸክሞ እንዲያመጣም ታዘዘ። ቲሩፓን በካህኑ ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ።

በደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶች ከሚነገሩት ታሪኮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ግንቡን ያቆመው ንጉሥ ነው፤ አምላኩ ግን ደጅ ወደ ቆመው ሰው ያዘነብላል።

የፓላቫዎች ኃይል ሲደክም የቾላ ነገሥታት ተነሡ። ከእነሱ ሁሉ ታላቁ ቀዳማዊ ራጃራጃ በታንጃቩር ያሠራው ቤተ መቅደስ በ1010 ተጠናቀቀ። ከውስጠኛው መቅደስ በላይ የሚነሣው ማማ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል። አካባቢው የካቬሪ ወንዝ ደለል የሞላው የሩዝ እርሻ በመሆኑ ይህን ሁሉ ግራናይት ከሩቅ ማጓጓዝ ግድ ነበር። የማማው ጥላ መሬት አይነካም የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን ጥላው በግቢው ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

ራጃራጃ የሰጠውንና ያዘዘውን ሁሉ በግድግዳው ላይ አስጽፏል። እሱ ብቻም ሳይሆን እኅቱ ኩንዳቫይ፣ ሚስቶቹና ሹማምንቱ የሰጡት ወርቅና ጌጥ እየተመዘነ ተመዝግቧል። ከተለያዩ ቤተ መቅደሶች የመጡ 400 ሴት ዘፋኞች፣ ዛሬም ሊነበብ በሚችል መልኩ በስማቸውና በቤታቸው ተራ ተጽፈዋል። የከበሮ መቺው፣ የሒሳብ ሹሙ፣ የጥላ ያዡ፣ የአጣቢው፣ የፀጉር አስተካካዩና የልብስ ሰፊው የሩዝ ድርሻም አልተረሳም። አንድ መብራት ሌትና ቀን እንዲነድ 96 በግ ለእረኛ ይሰጥና እረኛው በየቀኑ የተወሰነ ንጥር ቅቤ ያስገባ ነበር። ቤተ መቅደሱ የአምልኮ ስፍራ መሆኑ እንዳለ ሆኖ መሬት ያከራይ፣ ገንዘብ ያበድር፣ ከብት ያረባ ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ ሁሉ ተረስቶ የሠሪው ማንነት እንኳ በተረት ተሸፍኖ ነበር። ሕንጻው የራጃራጃ ሥራ መሆኑ በትክክል የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው የጥንታዊ ጽሑፍ አጥኚ ኦይገን ሁልች ግድግዳውን ሲያነብብ ነው።

የሰፈሩ ሰው ግን ግድግዳው ላይ የሌለ ሌላ ታሪክ ያወራል። ማማው ሲሠራ አንዲት አሮጊት በጠራራ ፀሐይ ለሚደክሙት ጠራቢዎች በየቀኑ አሬራ ታጠጣ ነበር። በደጇ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበራትና ለጫፉ ክዳን እንዲሆን ሰጠች። ሥራው ሲያልቅ አምላኩ ለራጃራጃ በሕልም መጥቶ «በአሮጊቷ ጥላ ሥር ደስ ብሎኝ እኖራለሁ» አለው ይባላል።

የራጃራጃ ልጅ ራጄንድራ ሠራዊቱን እስከ ጋንጅስ፣ በ1025ም መርከቦቹን እስከ ሱማትራ ላከ። ከጋንጅስ የመጣውን ውኃ ያፈሰሰበትን ሰው ሠራሽ ሐይቅና በአዲሱ ከተማው በጋንጋይኮንዳ ቾላፑራም ያሠራውን ቤተ መቅደስ ተጓዦች ዛሬም ይጎበኛሉ።

በ12ኛው መቶ ዓመት የቾላ ባለሟል የነበረው ሴኪላር የ63ቱን የሺቫ ቅዱሳን ገድል በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ፤ ፔሪያ ፑራናም ይባላል። የፑሳላር ታሪክ የተጻፈው እዚያ ነው፤ የአዳኙ የካናፓም እንዲሁ። ካናፓ በካላሃስቲ ጫካ ያገኘውን የሺቫ ምስል ስለ ወደደ በአፉ በያዘው ውኃ ያጥበዋል፤ በጠጉሩ ሰክቶ ያመጣውን አበባ ያለብሰዋል፤ መጣፈጡን ቀምሶ ያረጋገጠውን የጫካ አሳማ ሥጋ ያቀርብለታል። በማግሥቱ የሚመጣው ካህን በርኩሰቱ እየዘገነነው ሁሉንም ጠርጎ ያነጻል። አንድ ቀን የምስሉ ዓይን ሲደማ ካናፓ የራሱን ዓይን አውጥቶ ተካለት። ሌላኛውም መድማት ጀመረ። ሁለተኛ ዓይኑን ሲያወጣ ስለሚታወር፣ ቦታውን እንዳይስት የእግሩን ጣት በሚደማው ዓይን ላይ አሳርፎ ፍላጻውን አነሣ። ያን ጊዜ ሺቫ እጁን ያዘው። ካህኑ ከዛፍ ጀርባ ተደብቆ ሁሉንም ያይ ነበር።

ከገድሎቹ ሁሉ በኋለኛው ዘመን ብዙ ያነጋገረው ግን የናንዳናር ነው። ናንዳናር ቆዳ የሚያለፉ፣ «ርኩስ» ተብለው ከመንደር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ልጅ ነበር። ለቤተ መቅደስ ከበሮዎች ቆዳውን፣ ለክራሮች ጅማቱን የሚያቀርበው እሱ ነው፤ መግባት ግን አይፈቀድለትም። ወደ ቲሩፑንኩር ቤተ መቅደስ ሄዶ ከደጅ ቆሞ ቢመለከት ትልቁ የኮርማ ሐውልት፣ የሺቫ መቀመጫ ናንዲ፣ መቅደሱን ጋርዶበታል። ለመነ፤ ኮርማው ወደ ጎን ፈቀቅ አለለት። በቲሩፑንኩር ያለው ናንዲ ከበሩ ትክክል ዘወር ብሎ መቀመጡን ዛሬም የሚሄድ ሁሉ ያየዋል።

የናንዳናር ትልቁ ምኞት የቺዳምባራምን ቤተ መቅደስ ማየት ነበር። በዚያ ሺቫ «ናታራጃ» ተብሎ በእሳት ክበብ መካከል ሲደንስ ይታያል፤ በአፈ ታሪኩም ከካሊ ጋር የዳንስ ውድድር ገጥሞ ያሸነፈው በዚያው ነው። ከምስሉ አጠገብ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ሲገለጥ የሚታየው የወርቅ ቅጠል የተንጠለጠለበት ባዶ ቦታ ነው፤ አምላኩ ቅርጽ በሌለው ህዋ መልክ የሚመለከው እዚያ ነው። ናንዳናር «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ዓመታት አሳለፈ። በመጨረሻ ሄዶ ከከተማይቱ ዳርቻ ቆመ። ካህናቱ በሕልም ታዝዘው እሳት አነደዱ፤ ናንዳናር በእሳቱ ውስጥ አልፎ በአንገቱ የካህናት ክር ያለበት መናኝ ሆኖ ወጣ፤ ወደ መቅደሱ ገብቶም ተሰወረ። ኮርማው ፈቀቅ ሲልለት እንደ ነበረ ነው የተቀበለው፤ ቺዳምባራም ለመግባት ግን የተወለደበትን ማንነት እሳት መብላት ነበረበት። እንደ እሱ «ርኩስ» ሲባሉ የኖሩት የዘመናችን ዳሊቶች በዚህ ታሪክ ፍጻሜ የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የ14ኛው መቶ ዓመት የመከራ ዘመን ነበር። በ1311 የዴልሂው ሱልጣን ጦር አዛዥ ማሊክ ካፉር እስከ ማዱራይ ወርዶ የቤተ መቅደሶችን ሀብት ዘረፈ። በ1323 ሁለተኛ ዘመቻ ወደ ስሪራንጋም ሲቃረብ አረጋዊው መምህር ፒላይ ሎካቻርያ የቪሽኑን የዑደት ምስል ይዘው ከጥቂት ተከታዮች ጋር በጫካ ሸሹ። እሳቸው በስደት አረፉ። ምስሉ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ በ1371 የቪጃያናጋራ መንግሥት ሹም ጎፓና ወደ ስሪራንጋም መለሰው።

ከዚያ መከራ የተወለደው ተረት የሚገርም ነው። ወደ ዴልሂ የተወሰደውን ምስል የሱልጣኑ ልጅ አይታ ወደደችው። የስሪራንጋም ሰዎች መልሰው ሲወስዱት ልትለየው አልቻለችም፤ ተከትላው መጥታ በደጁ ሞተች። ዛሬ በስሪራንጋም ይህች ሙስሊም ልዕልት መቅደስ አላት። በሃይማኖቷ ሐውልት ስለማይፈቀድ የምትከበረው በሥዕል ነው። ለክብሯም ቪሽኑ የሰሜን ሰዎች ቂጣ ይቀርብለታል፤ አንዳንዴም ሙስሊሞች የሚያገለድሙትን ሽርጥ ለብሶ ይወጣል።

የቪጃያናጋራ መንግሥት በ1565 በታሊኮታ ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ ሥልጣኑ በየአገሩ ባሉት የናያካ ገዢዎች እጅ ገባ። ከእነሱ ስመ ጥሩ ከ1623 እስከ 1659 ማዱራይን የገዛው ቲሩማላይ ናያካ ነው። በማዱራይ የምትመለከው ሚናክሺ ናት። አንድ የፓንድያ ንጉሥ ልጅ አጥቶ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከእሳቱ ሦስት ጡት ያላት የሦስት ዓመት ሕፃን ወጣች ይላል አፈ ታሪኩ። እንደ ወንድ አሳድገው ዙፋኑን አወረሷት። ጦሯን መርታ አራቱን የዓለም ማዕዘን ድል አደረገች፤ በስተ መጨረሻ በሂማላያ ሺቫን ስታየው ሦስተኛው ጡት ጠፋ። ባሏ እሱ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯት ነበርና ወደ ማዱራይ አመጣችው። ንግሥናው የእሷ ነው፤ ዛሬም ምዕመናን አስቀድመው የሚሳለሙት እሷን ነው።

ቲሩማላይ ናያካ የሠርጉን በዓል ከቪሽኑ ወገን ከአላጋር በዓል ጋር በአንድ ወቅት እንዲውል አደረገ ይባላል። በታሚሎች አቆጣጠር በቺቲራይ ወር ሚናክሺ ትዳራለች። ወንድሟ አላጋር ሊድራት ከኮረብታው ተነሥቶ ቫይጋይ ወንዝ ሲደርስ ሠርጉ ማለፉን ይሰማና ተቆጥቶ ሳይገባ ይመለሳል። የገበሬው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ወደ ወንዙ ይወርዳል። ያ ሕዝብ ለዘመናት ከዑደቱ ጋር በጎዳና ሲጨፍር የኖረ ነው፤ ከፊሉ ግን የሙሽሪትን መቅደስ ከውስጥ አይቶት አያውቅም ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጎፓላክሪሽና ባራቲ የተባለ፣ ከካህናቱ ከብራህማን ወገን የሆነ ባለቅኔ የናንዳናርን ገድል የመዝሙር ድራማ አደረገው። አርባ የእርሻ ማሳ በአንድ ሌሊት ካልጨረስክ ቺዳምባራም አትሄድም የሚል ጨካኝ ባለ መሬት ጨመረበት። ታሪኩ ከመጽሐፍ ወጥቶ በገበያና በመንደር ተዘፈነ። በ1935 ፊልም ሲሠራ ናንዳናርን ሆና የተጫወተችው ዘፋኟ ኬ. ቢ. ሱንዳራምባል ናት።

ደጅ የቆሙትም ራሳቸው ተነሡ። በ1888 በኬራላ፣ ከኤዣቫ ወገን የተወለዱት መምህር ናራያና ጉሩ ከኔያር ወንዝ አንድ ድንጋይ አውጥተው በአሩቪፑራም የሺቫ ምስል አድርገው አቆሙ። ይህ የብራህማን ብቻ ሥልጣን ነበር። በ1897 በካሙዲ የናዳር ወገኖች ወደ ሺቫ ቤተ መቅደስ ገቡ፤ ተከሰው እስከ ለንደን ድረስ ቢሟገቱም በ1908 ተረቱ።

ማርች 30 ቀን 1924 በትራቫንኮር ግዛት በቫይኮም ሦስት ሰዎች ተያይዘው ወደ ተከለከለ መንገድ ሄዱ፤ አንዱ ፑላያ፣ አንዱ ኤዣቫ፣ አንዱ ከላይኛው የናያር ወገን። የጠየቁት ወደ መቅደሱ መግባትን እንኳ አልነበረም፤ ቤተ መቅደሱን በሚዞረው የሕዝብ መንገድ መራመድን ነው። ታሰሩ። በማግሥቱ ሌሎች ሦስት ተተኩ። ከታሚል አገር የመጡት ኢ. ቪ. ራማሳሚ ሁለት ጊዜ ወህኒ ወረዱ፤ በ1925 ጋንዲ ራሳቸው መጥተው ከካህናቱ ጋር ተከራከሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአራቱ መንገዶች ሦስቱ ተከፈቱ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1936፣ የ24 ዓመቱ የትራቫንኮር ማሃራጃ ቺቲራ ቲሩናል በመንግሥታቸው ሥር ያሉ ቤተ መቅደሶች ለሂንዱ ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ አወጁ።

ተራው የማዱራይ ሆነ። ጁላይ 8 ቀን 1939 ጠበቃው ኤ. ቫይድያናታ አይየር፣ ራሳቸው ብራህማን ሆነው፣ ዳሊቶችንና አንድ የናዳር ሰው ይዘው ወደ ሚናክሺ መቅደስ ገቡ። ከገቡት አንዱ ፒ. ካካን በኋላ የማድራስ ግዛት (የዛሬው ታሚል ናዱ) ሚኒስትር ሆነዋል። የማድራስ መንግሥት የገቡትን ሰዎች ከክስ የሚጠብቅ ሕግ ወዲያው አወጣ። ከካህናቱ ብዙዎቹ መቅደሱ ረክሷል ብለው ለዓመታት አገልግሎታቸውን አቋረጡ። ዳሊቶች እስኪገቡ ድረስ አልገባም ብለው የቆዩት ጋንዲ በ1946 መጥተው ሚናክሺን ጎበኙ። በ1947 አዲስ ሕግ ለሁሉም የመግባት መብትን በመላው የማድራስ ግዛት አጸና፤ በዚያው ዓመት በሴቶች መብት ታጋይዋ በሙቱላክሽሚ ሬዲ ጥረት ሴት ልጆችን ለቤተ መቅደስ ዘፋኝነት መስጠትም ተከለከለ።

ቀጣዩ ክርክር መቅደሱ ውስጥ ቆሞ ማን ያገልግል የሚል ነው። በ1970 የታሚል ናዱ መንግሥት በዘር የሚወረስ ክህነትን በሕግ ሻረ፤ ጉዳዩ ግን በፍርድ ቤት ዓመታት ፈጀ። በ2006 ከየወገኑ የመጡ ወጣቶች ሥርዓተ አምልኮውን እንዲማሩ ታዘዘ፤ ተምረው የጨረሱትም ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ሥራ ጠበቁ። በ2018 በሃይደራባድ አንድ ካህን የቲሩፓንን ታሪክ በተግባር ለማሳየት አንድ ዳሊት ምዕመን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቪሽኑ መቅደስ አስገባ። ኦገስት 14 ቀን 2021 የታሚል ናዱ መንግሥት ከሠለጠኑት መካከል 24ቱን ካህን አድርጎ ሾመ፤ አምስቱ ዳሊቶች ነበሩ። የዘር ካህናት ማኅበራት ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አዲሱ የሹመት ደንብ በጥንታዊው የአጋማ ሥርዓት የተሠሩትን ቤተ መቅደሶች እንደማይመለከት ወስኖ፣ የትኞቹ ቤተ መቅደሶች በዚያ ሥርዓት እንደ ተሠሩ የሚለይ ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዘ።